ተለዋጭ መንገዱን በእግራችን የመረመርንበት ክረምት

ሰነዱ የደረሰኝ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ስብሰባው ሰኞ ነበር። የቀበሌያችን ምክር ቤት አባል ከሆንኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ሥራዬ መምህርነት ነው፤ ስለ መንገድ ሥራ የማውቀው ነገር አልነበረም። የተባልነው "አንብባችሁ አስተያየት ስጡ" ብቻ ነው።

ዕቅዱ ከባድ መኪኖችን ከከተማው መሀል የሚያወጣ ተለዋጭ መንገድ ነበር። ይሄ ለምን እንደሚያስፈልግ ለድሬዳዋ ሰው ማስረዳት አያሻም። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ናት። የድሮዎቹ ጎዳናዎች ሲወጡ በደወሌ በኩል ከጅቡቲ የሚመጣ ተሳቢ የሚባል ነገር ማንም አላሰበም። ዛሬ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ተማሪውና ተሳቢው አንድ መንገድ ላይ ይጋፋሉ።

እኔ ግን ገና ሳላነብ ተቃዋሚ ሆኜ ነበር። እንዲፈርሱ ቀይ ቀለም የተቀባባቸውን ግድግዳዎች አይቼ ነበርና ልቤ እዚያው ቀርቷል። ሰኞ ዕለት እጄን አወጣሁና ረጅም ንግግር አደረግሁ። ድምፄም ከፍ አለ። ጥናቱን ያቀረበው ባለሙያ በትህትና አዳመጠኝና "ልማቱን እንደግፈው" ብሎ አለፈ። ቃለ ጉባኤው ላይ የእኔ ነገር "አንድ አባል ስጋታቸውን ገለጹ" ተብሎ በአንድ መስመር ተጻፈ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ መልስ የሚጠይቅ ነገር ግን አልነበረበትም።

በማግስቱ ከምክር ቤቱ ኮሚቴ ሁለት ሰዎች ጋር ካርታውን ይዘን መስመሩን በእግር ጀመርነው። ጠዋት 12 ሰዓት ነው የወጣነው፤ ከ4 ሰዓት በኋላ እዚህ አገር በእግር የሚሠራ ሥራ የለም። ቀይ ቀለም ካለበት ቤት ሁሉ ቆምን። ሰነዱ ላይ "አንድ ግቢ" ተብሎ የተመዘገበ ቦታ ገባን። ባለቤትየዋ ቡና አፍልታ አስቀመጠችን። ግቢውን ስቃኝ አራት ምጣድ አየሁ። አራቱም የየራሳቸው ምድጃ አላቸው። አንዱ የባለቤትየዋ፣ ሦስቱ የተከራዮች። ካሳው የተሰላው ለአንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ቤተሰቦች በወረቀቱ ላይ የሉም። ከዚያ ወዲያ ማንም ቤት ስገባ መጀመሪያ የምቆጥረው ምጣድ ሆነ።

ቀጥሎ የተሽከርካሪ ቆጠራውን አነበብን። የተካሄደው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። አንድ ሹፌር ጎረቤቴን ብጠይቀው "አቦ፣ በዚህ ሙቀት ማን ጎማ ያቃጥላል? እኛ ሌሊት ነን" አለኝ። ሁለት ሌሊት ሻይ ቤት በር ላይ ደብተር ይዘን ተቀመጥን። ለእያንዳንዱ ተሳቢ አንድ ጭረት፣ አምስተኛው ላይ አግድም መስመር። የሌሊቱ ከቀኑ በለጠ። ይሄ ውጤት እኔ የፈለግኩትን አልደገፈም። መንገዱ ሰነዱ ከሚለው በላይ ያስፈልጋል ማለት ነው። እዚያ ሻይ ቤት በር ላይ ነው ሐሳቤን የቀየርኩት። ቁጥሩን እንዳለ አቀረብነው። እንዲያውም ከዚያ በኋላ የምንለው ሁሉ የበለጠ ተደማጭ የሆነው በዚህ ይመስለኛል።

ትልቁ ነገር ያለው ግን ወንዙ ላይ ነው።

መስመሩ አንድ ደረቅ ወንዝ ያቋርጣል። እኛ አሸዋ ነው የምንለው። ከዓመት አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሰነዱ መሻገሪያውን "ዝቅ ያለ የኮንክሪት መሻገሪያ" ይለዋል፤ ጎርፍ ሲመጣ በላዩ እንዲያልፍ። ወንዙ ዳር ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ የሚሸጡ አሮጊት አሉ። ምን እንደምንለካ ጠየቁን፤ ነገርናቸው። ብድግ አሉና የቤታቸውን የጎን ግድግዳ በመዳፋቸው መቱ። "አንተ ልጅ፣ ውሃው እዚህ ነበር" አሉኝ። የድሬ ሰው ትልቅም ትንሽም አንተ ነው የሚለው። መዳፋቸው ያረፈው በእኔ ደረት ልክ ነበር። በ1998 ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ነው የሚሉት። ያን ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ከላይ ከደጋው የዘነበ ዝናብ ነው ሰው በተኛበት የደረሰው። "ደመናውን እዚህ አትፈልገው፤ ደንገጎን እይ" አሉኝ፤ ከከተማው በላይ ያለውን ደጋ ማለታቸው ነው።

ከኪሴ ሲባጎ አውጥቼ ከመዳፋቸው እስከ መሬት ለካሁ። ቋጠሮ አሰርኩበት። ሲባጎው ዛሬም አለ።

በሁለተኛው ስብሰባ ንግግር አላደረግሁም። ስድስት ጥያቄ በጽሑፍ አቀረብን፤ እያንዳንዱ የሰነዱ ገጽ ቁጥር አለው፤ መልሱም በጽሑፍ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲያያዝ ጠየቅን። አንዱ "መሻገሪያው የታቀደው በየትኛው ጎርፍ ልክ ነው?" የሚል ነበር። መልሱ "የ10 ዓመት ጎርፍ" ሆነ። ስሙ ያሳስታል። በየ10 ዓመቱ ይመጣል ማለት አይደለም፤ በየዓመቱ ከአሥር አንድ ዕድል አለው ማለት ነው። በ20 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣቱ ዕድል 88 በመቶ ገደማ ነው። ሒሳቡ በስልክ ካልኩሌተር ይሠራል፦ 0.9ን ሃያ ጊዜ እርስ በርሱ አባዝቶ ከ1 መቀነስ። ይህን ሰሌዳ ላይ ሠርቼ ሲባጎውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ባለሙያው ሲባጎውን አንስቶ ቋጠሮውን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ "ግድግዳውን አሳዩኝ" አለ። ለዚህ ሰው ክብር አለኝ።

ሕጉንም አነበብን፤ መጀመሪያ ማንበብ የነበረብን እሱን ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43(2) ለዜጋው ማኅበረሰቡን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 40(8) ካሳው በቅድሚያና ተመጣጣኝ ሆኖ ይከፈላል ይላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995 ደግሞ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። ሪፖርቱን አዋጁን ጠቅሰን በደብዳቤ ጠየቅን። ተሰጠን።

የሕዝብ ውይይቱ መጀመሪያ የተጠራው ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር። በዚያ ሙቀት፣ በጫት ሰዓት፣ በአማርኛ ብቻ። አዳራሹ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ሴቶቹ ገበያ ላይ ናቸው። በሁለተኛው ጊዜ 11 ሰዓት ላይ አደረግነው፤ የኦሮምኛና የሶማሊኛ አስተርጓሚ ከሠፈሩ ልጆች መካከል ለመንን። ወንበር አልበቃም። ባለ አራት ምጣዱ ግቢ ተከራዮች ሦስቱም ቆመው ተናገሩ።

መስመሩ አልተቀየረም። የወንዙ ጥናት ግን እንደገና እንዲሠራ ተወሰነ፤ የተከራዮቹ ዝርዝርም ከሰነዱ ጋር ተያይዟል። ዝርዝሩ ለእነሱ ምን እንደሚያመጣላቸው ገና አላየንም። አንድ ነገር አመለጠኝ። ተማሪዎቼ መስመሩን አቋርጠው ነው ትምህርት ቤት የሚመጡት፤ ከስድስቱ ጥያቄዎች አንዱም ስለ እግረኛ መሻገሪያ አይጠይቅም። በየቀኑ የማያቸው ልጆች ናቸው። ሰባተኛው ጥያቄ አሁን ተጽፎ ገብቷል፤ መልስ እየጠበቅን ነው።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ከሰዓት ደንገጎ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ሲባጎውን ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ። አሮጊቷ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነበር። ልጆቹን ከአሸዋው አስወጣናቸውና አብረን ቆመን ወደ ላይ፣ ወደ ደንገጎ አየን።