ድምሩ ገጠመ

አንድ ሰሞን የትራፊክ ቆጠራ ሥራ ይዤ ነበር። ካሜራው ሳሪስ፣ መንገድ ዳር ካለ ሕንፃ በረንዳ ላይ ተሰቅሏል። እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን ቪዲዮውን እያየን ወረቀት ላይ እንጭራለን። በየ15 ደቂቃው አንድ ቅጽ። አራት ጭረት፣ አምስተኛው ማሰሪያ። ሚኒባስ፣ የቤት መኪና፣ ቅጥቅጥ፣ አውቶቡስ፣ የጭነት መኪና፣ ሁሉም የየራሱ ዓምድ አለው።

ሥራው እንቅልፍ ያመጣል። እኔም ዘዴ ፈጠርኩ፦ ቪዲዮውን በእጥፍ ፍጥነት ማስኬድ። አጠገቤ ያለው ልጅ ግን እያቆመ፣ እየመለሰ ነው የሚያየው። ቡናው ሁሌ ይቀዘቅዝበታል። አሾፍበት ነበር።

አንድ ቀን ኢንጂነሯ ሳይነግሩን ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ፋይል ሰጡን። ከጠዋቱ 1:30 እስከ 1:45፣ ያ የሥራ መግቢያ ግርግር። (ካሜራው 7:30 ነው የሚለው፤ በዚህም ስንት ጊዜ ተሳስተናል።) ድምራችን ሲታይ የሁለት መኪና ልዩነት ብቻ! «አላልኩህም?» አልኩት።

እሳቸው ግን ድምሩን በእጃቸው ሸፍነው ዓምድ በዓምድ ያስተያዩ ጀመር። ሚኒባስ ላይ እኔ በ12 እበልጣለሁ። የቤት መኪና ላይ በ14 አንሳለሁ።

«ነይ እስኪ ልጄ፣ አብረን እንየው።»

አየነው። የመቁጠሪያ መስመሬን፣ ማለትም ቪዲዮው ላይ መኪና ሲያልፈው የምጭርበትን፣ ያሰመርኩት ታክሲዎቹ የሚጭኑበት ቦታ ላይ ነው። ታክሲው መስመሩን ያልፋል፣ ይቆማል፣ ወያላው የምትሮጥ ሴትዮ ሲያይ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ያልፋል። በእጥፍ ፍጥነት ለምታይ ለእኔ ይሄ ሌላ ታክሲ ነው። በዚያ ላይ ካሜራው ዝቅ ብሎ ስለተሰቀለ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ በቆመ ቁጥር ከጀርባው የሚያልፉትን የቤት መኪኖች ይጋርዳቸዋል። ልጁ ቪዲዮውን እያቆመ ከአውቶቡሱ ፊት ብቅ ሲሉ ይይዛቸው ነበር።

«ስህተቶችሽ ተቻቻሉ እንጂ አልጠፉም» አሉኝ። ደግሞ መንገዱን የሚሠራው ሰው የሚፈልገው ድምሩን ብቻ አይደለም። የትኛው ተሽከርካሪ ስንት ቦታ እንደሚይዝ አስልቶ ነው መንገዱን የሚያሰፋው።

መስመሩን ከመጫኛው አሳልፈን ዜብራው ጋ አዞርነው። የኋላ ጎማ ካላለፈ አይቆጠርም ተባለ። ያስረከብኳቸውን የሦስት ቀን ቅጾችም እንደገና ቆጠርኩ፣ በመደበኛው ፍጥነት። የመጀመሪያው ፋይል ላይ አንዱን ታክሲ ሦስት ጊዜ ጭሬው አገኘሁ። ወያላው ቢጫ ኮፍያ ባያደርግ ኖሮ አሁንም አልለየውም ነበር።