ሌባ የማይዘለው ግንብ
አዳማ ውስጥ ብየዳ ቤት ካለህ የሚመጣልህ ሥራ በአብዛኛው ሌባ መከላከያ ነው። የግቢ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ ግንብ ላይ የሚተከል ሹል ብረት። አንድ ደንበኛ "ጓሮዬ ላለው መዋኛ ገንዳ አጥር ሥሩልኝ" ብለው ሲደውሉ እኔም ረዳቴም ገረመን። ድሮ ዋና ያማረው ሰው ሶደሬ ነበር የሚወርደው። ዘንድሮ አቅም ያለው ጓሮውን ይቆፍራል።

ስንደርስ ገንዳው ውሃ ተሞልቷል፤ አጥሩ ገና ሳይሠራ። ጋሼ ከስልካቸው ላይ የመረጡትን ንድፍ አሳዩኝ። ቱቦላሬው በሙሉ አግድም የተደረደረ ነው። አልዋሽም፣ ያምራል። ለልጅ ግን መሰላል ማለት ነው።

"ጋሼ፣ ይቺን የልጅ ልጅዎ እየሮጠች ነው የምትወጣት" አልኳቸው። ሳቁ።

ሌላም ነገር ነበር። አጥሩን በሦስት ጎን ብቻ ነው የፈለጉት። በአራተኛው ጎን ቤቱ አለ፤ የሳሎኑ ተንሸራታች በር ገንዳው ፊት ለፊት ይከፈታል። "ግንቡ ሦስት ሜትር ነው፣ ዘበኛ አለ። ማን ይገባል?" አሉኝ። እኛ አገር አጥር ሲባል የሚታሰበው ከውጭ የሚመጣ ሰው ነው። ልጅቷ እኮ ሳሎን ናት።

ክርክሩን አቆይተን መለካት ያዝን። ቡና ተፈልቷል፤ አያትየው፣ ጋሼ፣ የልጅቷ እናት፣ አትክልተኛው፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። ሰው ሲበዛ ደግሞ እያንዳንዱ "ሌላው ያያታል" ብሎ ይዘናጋል። እናትየው ስልክ ልታነሳ ገባ አለች። ገንዳው ላይ ልጅቷ ጠዋት የተጫወተችበት ቢጫ የፕላስቲክ ዳክዬ ተንሳፍፏል። የሦስት ዓመቷ ልጅ በዚያው በር ወጥታ ወደ ዳክዬው ሄደች።

ማንም ምንም አልሰማም። ጩኸት የለ፣ መንቦጫረቅ የለ። ረዳቴ የሜትሩን ጫፍ ይዞ ሲዞር ነው ያያት። ውሃው ውስጥ ቀጥ ብላለች፣ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ተንጋሏል፣ አፏ ከውሃው እኩል ነው። የምትጫወት ነው የምትመስለው። ከነጫማው ዘሎ ገባ። ውሃው ለሱ ደረቱ ላይ ነበር።

አያትየው በእግሯ ዘቅዝቀው ውሃውን ሊያስወጡላት ተነሱ። በጫጫታው የደረሰች ጎረቤት ነርስ "እማማ፣ ይተዉ፣ ጊዜ መፍጀት ነው" ብላ ተቀበለቻት። ደግነቱ ልጅቷ አስላ፣ አስመልሳ፣ እያለቀሰች ነበር። ባትተነፍስ ኖሮ በጀርባዋ አስተኝቶ፣ አገጯን ቀና አድርጎ መጀመሪያ ትንፋሽ መስጠት፣ ከዚያ ደረቷን መጫን ነበር አለችን። የሰመጠ ሰው የጎደለው አየር ነዋ። ደህና ብትመስልም ሐኪም ቤት ላከቻቸው፤ ሳንባ የገባ ውሃ ቆይቶም ያስቸግራል።

በነጋታው ጋሼ ደወሉ። "እንዳልከው አድርገው" ብቻ አሉ።

አራቱንም ጎን አጠርን። ከ1.2 ሜትር ማነስ የለበትም፤ እኛ 1.5 አደረግነው። ብረቱ ሁሉ ቋሚ፣ ክፍተቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች። መርገጫ እንዳይሆን መሀል ላይ አግድም ብረት የለም።

ጣጣው በሩ ላይ ነው። መቀርቀሪያው ላይኛው ጫፍ ላይ ሆነ። በሩ የሚከፈተው ከገንዳው በተቃራኒ ነው፤ ልጅ ከውጭ ብትገፋው ይብስ ይዘጋል። ማጠፊያው ሞላ አለው። በሰፊው ከፍተህ ስትለቀው ጓ ብሎ ይዘጋል፤ ደስ ይልሃል። በስንዝር ብቻ ከፍተህ ስትለቀው ግን መቀርቀሪያው ጋ ሲደርስ ጉልበት ያጥረውና ገርበብ ብሎ ይቀራል። ገርበብ ያለ በር ደግሞ ከነጭራሹ ከሌለ በር ይብሳል፣ ሰውን ያዘናጋላ። ሞላውን አጠበቅን፣ ማጠፊያውንም እንደገና በየድነው። ስናስረክብ በስንዝር እየከፈትኩ ለጋሼ አሳየኋቸው።

ሌላ ቀን ብቅ ስል በሩን በፕላስቲክ ወንበር ደግፈው ከፍተውታል። ለመመላለስ እንዲመች ነው አሉ። ወንበሩን አንስቼ ሳሎን አስገባሁት። አጥር ሥር ከቀረም መወጣጫ ነው። ዳክዬውንም ከዋና በኋላ እንዲያወጡት ነገርኳቸው።

ያቺ ነርስ እንደነገረችን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ወደ 300 ሺህ ሰው ሰምጦ እንደሞተ ይገምታል። ሩብ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ናቸው። ከነዚህ ስንቱ ቤት መዋኛ ገንዳ ይኖራል ብለህ ነው? እሷም የላትም። ያላት ለውሃ መጥፊያ ቀን ያስቆፈረችው የመሬት ውስጥ ታንከር ነው፤ ክዳኑ አንድ ቆርቆሮና አንድ ድንጋይ። ከወፍራም ላሜራ ክዳን ሠርተን ጓጉንቸር ማንጠልጠያ በየድንበት። የልብስ ማጠቢያ ሳፋውን ራሷ ደፋችው።