አምባሰሌ ትዝታ እየሆነ አስቸገረኝ፤ መልሱ ፒያሳ መንገድ ላይ ተገኘ

ክራር የምትማሩ ልጆች፣ ይቺ ለናንተ ናት። ባለፈው ትዝታ ማይነር የሚባለውን ቅኝት ጨርሼ ወደ ሌላው ቅኝት፣ ወደ አምባሰል ገባሁ ብያችሁ ነበር። ገባሁ፣ ግን አልሆነም። ስልኬ ላይ ባለው መቃኛ ክሮቹን አንድ በአንድ አስተካክላለሁ፣ አፑ አረንጓዴ እያበራ ልክ ነህ ይለኛል፣ ስመታው ግን የሚወጣው ትዝታ ነው። ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ደግሞ በአምባሰል አይሸወድም፣ በየሰርጉ እየሰማነው ነው ያደግነው። የወሎዋን ዘፋኝ የማሪቱ ለገሠን አምባሰል ከፍቼ አብሬያት ልሄድ እሞክራለሁ፤ እሷ አንዱ ጋ ታርፋለች፣ እኔ ሌላ ቦታ እቀራለሁ።

ቅዳሜ ለትምህርት ደሴ ወጥቼ፣ ማታ ኮንሰርት ስለነበር እዚያው አመሸሁ። ክራሬን የማስቀምጥበት ስላልነበረኝ ከነቦርሳው ይዤው ገባሁ። ስለ ኮንሰርቱ ብዙ አልልም፣ አሪፍ ነበር። እኔ የሄድኩት ለዘፋኙ ሳይሆን ከኋላው ለሚጫወቱት ነው፣ በተለይ ለክራርና ለመሲንቆ ተጫዋቾቹ። ስንት ዘመን በካሴትም በዩቲዩብም ስንሰማቸው ኖረን ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው፣ ይሄ ነገር ሁሌም ያናድደኛል። እኔም እዚህ አልጠቅሳቸውም፤ ወሬያችንን ፖስት እንዳደርገው አላስፈቀድኳቸውም።

ሲያልቅ ሰው ሁሉ ዘፋኙን ከቦ ፎቶ ይነሳል። በዚያ ሰዓት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ መግባት ስለማይታሰብ፣ በፒያሳ በኩል ወደ አክስቴ ቤት በእግሬ ጀመርኩ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። አንድ ሱቅ ሊዘጋ ሲል በሩ ላይ ሦስት ሰዎች ቆመው ባለሱቁን እራት የት እንደሚገኝ ይጠይቃሉ። አልፌያቸው ስሄድ አንደኛው ጠራኝ።

«አንተ ልጅ፣ የያዝከው ክራር ነው?»

ዞር ስል ራሱ ክራር ተጫዋቹ ነው! መሲንቆ ተጫዋቹ ጋቢውን ተከናንቦ ከጎኑ ቆሟል። ሰው እንዲህ ሲያጋጥመው «አድናቂዎ ነኝ» ምናምን ይላል አይደል? ከእኔ አፍ የወጣው ግን «አዎ ጋሼ፣ አምባሰሌ ትዝታ እየሆነ አስቸገረኝ» ነው። ሦስቱም ሳቁ። መሲንቆ ተጫዋቹ የወሎ ሰው ነው፣ «አብሽር፣ ዘመዳሞች እኮ ናቸው!» አለኝ።

«እስቲ አውጣው» አሉኝ ጋሼ፣ የሱቁ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው። መጀመሪያ ክሩን አልነኩም፣ ቆዳውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ይሄ እርጥበት ጠጥቷል» አሉ። ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ ድምፁም ይደበዝዛል፤ እኔ ደግሞ ከሞቃቱ ኮምቦልቻ ደሴ አምጥቼው ማታውን ሙሉ ይዤው ስዞር ነበር። ጃኬታቸው ውስጥ ከተው ትንሽ አሞቁት። ከዚያ ቃኝተው መልሰው ሰጡኝና «ምታ» አሉኝ። መታሁ።

«ስትጨርስ የት ነው ያረፍከው?»

አላየሁትም ነበር። እንደገና አስመቱኝ። ፋ ላይ ነው ያረፍኩት። «በቃ፣ ትዝታ የሚያደርግብህ እሱ ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምባሰልን ከዶ ስትቃኙት ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ይሆናል (ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ምንም ሳትነኩ ከፋ ጀምራችሁ ቁጠሯቸው፦ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት። ይሄ ከፋ የተቃኘ ትዝታ ማይነር ነው! ክሮቹ ያው፣ ልዩነቱ ቤታችሁ፣ ማለትም ማረፊያችሁ፣ የቱ ላይ ነው የሚለው ብቻ። እኔ ትዝታ ላይ ስለከረምኩ እጄ ሳላውቀው ወደ ፋ ይመለሳል። አፑ ደግሞ የክሩን ድምፅ እንጂ ማረፊያዬን አያይም፣ ስለዚህ ሁሌ አረንጓዴ ያበራልኛል።

ከዚያ መሲንቆ ተጫዋቹ አፉን ዘግቶ ዶን ሳያቋርጥ «እምምም» ማለት ጀመረ፣ እኔ በላዩ ላይ እንድመታ። መንገድ ላይ፣ በዚያ ብርድ! ፋ ላይ ልቆም ስል ከሱ ድምፅ ጋር ስሜቱ ይለያል፣ ያስታውቃል። ሬ ፍላት ላይ ደርሼ ወደ ዶ ስወርድ ግን በቃ አምባሰል ሆነ። ያቺ የግማሽ ድምፅ መውረድ ናት ዋናዋ። «እኛ ያለችን አንድ ክር ናት፣ የት እንደምናርፍ ካላወቅን የሚያግዘን የለም» አለኝ እየሳቀ። እውነቱን ነው፣ መሲንቆ አምስት የተቃኘ ክር አያዘጋጅላችሁም፣ ሁሉንም ከአንዷ የፈረስ ጭራ በጣታችሁ ፈልጋችሁ ነው የምታወጡት።

ባለሱቁ መብራቱን ሳያጠፋ ጠበቀን፣ እግዜር ይስጠው። ጥብስ ቤት ድረስ ወሰድኳቸው፣ አብረህ ብላ ብለው ለመኑኝ፣ አክስቴ በር ከፍታ ስለምትጠብቀኝ ተሰናበትኳቸው። ዛሬም ይቆጨኛል።

አሁን ልምምዴን ቀይሬያለሁ። ስልኬ ላይ ዶን ሳይቋረጥ እንዲጮህ ከፍቼ ነው የምለማመደው። ከዶ እነሳለሁ፣ ዶ ላይ አርፋለሁ፣ ፋን እነካታለሁ እንጂ አልቆምባትም። ስድስተኛዋ ክር የዶ ኦክታቭ፣ ማለትም ከፍ ያለችው ዶ፣ ስለሆነች ከላይም ከታችም ማረፊያ አለኝ። ማሪቱን አሁን ቢያንስ ግማሽ መንገድ እከተላታለሁ። ፈጣኑ ቦታ ላይ ግራ እጄ ገና ይጠላለፋል።

ቀጥሎ አንቺ ሆዬ የሚባለው ቅኝት ነው። ከአምባሰል ለመሄድ ሁለት ክር ብቻ ነው የሚነካው፦ ሶልን ግማሽ ድምፅ ማላላት፣ ላ ፍላትን ግማሽ ድምፅ መወጠር። ሞከርኩት፣ ጆሮዬ ገና አልለመደውም፣ በተለይ ያቺ የላላችው ሶል። አንቺ ሆዬን የተሻገራችሁ ካላችሁ፣ በምን ዜማ ጀመራችሁ? ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ለክራር የሚሆን ጥሩ የናይለን ክር የት እንደሚሸጥ የሚያውቅም ይጻፍልኝ፣ የእኔ ሦስተኛዋ ክር መሰንጠቅ ጀምራለች።