የትናንሽ ወርቅ ፈላጊ ኩባንያዎችን ዋጋ የምመዝንበት መንገድ

«መሬት ውስጥ ይህን ያህል አውንስ አለን» የሚለውን ማስታወቂያ አልፌ ወደ ቴክኒካል ሪፖርቱ ነው የምሄደው። የካናዳው 43-101 ደንብ የሪፖርቱን ክፍሎች በቁጥር ስለደለደለ ብዙ አያደክምም፦ 13 የማጣሪያ ሙከራ፣ 14 ሪሶርስ (መሬት ውስጥ አለ ተብሎ የተገመተው ማዕድን)፣ 15 ሪዘርቭ (ከዚያ ውስጥ በትርፍ ሊወጣ እንደሚችል በጥናት የታየው)፣ 21 ወጪ፣ 22 የትርፍ ስሌት። ደንቡ የመጣው ብሬ-ኤክስ ከተባለው የካናዳ ወርቅ ፈላጊ ኩባንያ ቅሌት በኋላ ነው። በኢንዶኔዥያው ቡሳንግ ናሙናው ላይ ወርቅ ተጨምሮበት ነበር፤ ጉዱ የፈነዳው በ1997 ነው። ያኔ ከጉድጓድ የወጣው የድንጋይ ናሙና ሙሉ በሙሉ ተፈጭቶ ነበር። ስለዚህ ግማሹ ለማመሳከሪያ መቀመጡን አረጋግጣለሁ።

ሪሶርስ ውስጥ «ኢንፈርድ» የሚባለው በተራራቁ ጉድጓዶች ላይ የቆመ ግምት ነው፤ ሪዘርቭ ውስጥ አይገባም። ፒኢኤ (PEA) የሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት የትርፍ ስሌት ግን ሊያካትተው ይችላል። የስሌቱ ግማሽ በእሱ ላይ ከቆመ እተወዋለሁ።

ከዚያ የራሴን ስሌት እሠራለሁ። 10 ሚሊዮን ቶን ድንጋይ በቶን 1.5 ግራም ቢይዝ 15 ሚሊዮን ግራም ነው፤ አንድ አውንስ 31.1 ግራም ስለሆነ፣ ለ31.1 ሲካፈል 482,000 አውንስ ገደማ። 90 በመቶው ቢወጣ 434,000 ይሆናል። አውንሱ በ2,000 ዶላር ቢሸጥና የአንዱ አውንስ «ኦል-ኢን ሰስቴይኒንግ ኮስት» (ማዕድኑን እያመረቱ ለመቀጠል የሚወጣው ወጪ) 1,300 ቢሆን 304 ሚሊዮን ይተርፋል። ስሙ ሁሉን ያጠቃለለ ያስመስለዋል እንጂ የመጀመሪያው ግንባታና የገቢ ግብር የሉበትም። ግንባታው 200 ሚሊዮን ከፈጀ የሚቀረው 104 ነው። የወርቅ ዋጋ በ10 በመቶ ብቻ ሲወርድ ይህ 104 ወደ 17 ያሽቆለቁላል! እንደ ኩርሙክና ቱሉ ካፒ ባሉ የኢትዮጵያ የወርቅ ፕሮጀክቶች ደግሞ መንግሥት ሳይከፍል የሚይዘው ነጻ ድርሻም ይቀነሳል።

ገንዘቡ የሚገባው በዓመታት ተከፋፍሎ ነው፤ ስለዚህ ወደ ዛሬ ዋጋ መመለስ አለበት። የወርቅ ኩባንያዎች አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ዓመት በ5 በመቶ ይቀንሱታል፤ አንድ ማዕድን ብቻ ላለው ኩባንያ እኔ 10 በመቶ እጠቀማለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው የአክሲዮን መብዛት ነው። በገበያ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ኩባንያ ለግንባታው 100 ሚሊዮን ተበድሮ ቀሪውን 100 በአዲስ አክሲዮን ቢሰበስብ፣ የነባሮቹ ድርሻ ወደ 29 በመቶ ይወርዳል። አዲሱ አክሲዮን ከገበያ ዋጋ በታች ከተሸጠ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ዋጋውን የማካፍለው ዛሬ ላለው የአክሲዮን ብዛት አይደለም፤ ኦፕሽኑንና ዋራንቱን (ወደፊት አክሲዮን በተወሰነ ዋጋ ለመግዛት የተሰጡ መብቶችን) እንዲሁም ለግንባታው የሚወጣውን አዲስ አክሲዮን ደምሬ ነው።