የለምና

ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል፤ ኀዘን ላይ ላለች ወዳጄ የምጽፈው መልእክት ግን ከሰላምታው ፈቀቅ አላለም። የሆነውን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እዚህ አልደግመውም። ባለፈው ስንነጋገር የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እባክሽ ጥቅስ አትላኪልኝ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን ስሠራ እንደከረምሁ ብትጠይቁኝ፣ ጥቅስ ስፈልግ።

ሰዎች ምን እንደላኩላት መገመት አይከብድም። ኤርምያስ 31፣ ቁጥር 16 እና 17፦ ድምፅሽን ከልቅሶ ከልክዪ፣ ለፍጻሜሽ ተስፋ አለ፣ ልጆችሽ ይመለሳሉ። እኔም ጣቴ እዚያው ላይ ነበር። ዐይኔ ግን አንድ ቁጥር ወደ ላይ ተንሸራተተ። ቁጥር 15 ላይ የያዕቆብ ሚስት ራሔል በራማ ከተማ ስለ ልጆቿ ታለቅሳለች፤ መጽናናትን እንቢ ብላለች፣ የሉምና። ማቴዎስ ሄሮድስ በቤተ ልሔም ያስፈጀውን ሕፃናት ነገር ሲጽፍ የጠቀሰው ይህንኑ ነው። ጠቀሰና እዚያው አቆመ። አንድ መስመር ዝቅ ቢል ተስፋው ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ነበር፤ አልወረደም።

የሐሙሱ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን ነው። አንደኛው፣ የዚያን ዘመን ሰው መጻሕፍቱን በቃሉ ስለሚያውቅ አንድ መስመር ከጠሩለት የቀረውን ራሱ ይሞላዋል፤ ማቴዎስ ተስፋውን ሳይጽፈው ጽፎታል ይላል። የምዕራፍ ቁጥር እንኳን የመጣው በ13ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ያኔ ጥቅስ ማለት ከጨርቁ አንድ ክር መሳብ እንጂ ቆርጦ ማውጣት አልነበረም። ሁለተኛው ወገን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ «ከዐውዱ ወጥቷል» ከማለት ሌላ ቃል አያውቅም። እኔ ዘወትር ከአንደኛው ወገን ነኝ። ዛሬ ሌሊት ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሁሉም አንባቢ የቀረውን ይሞላዋል የሚለው ሐሳብ ለጸሐፊው ሳይሆን ለእኛ የሚመች መሰለኝ።

ከዚያ መልእክቱን ረሳሁት።

እስከ ዛሬ ያላስተዋልሁት፣ ኤርምያስ ራሱም ማቴዎስ በእርሱ ላይ ያደረገውን አስቀድሞ በሌላ መጽሐፍ ላይ ማድረጉ ነው። ራሔል በእርሱ ዘመን ከሞተች ስንት ትውልድ አልፏል! ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ ስትወድቅ፣ ወደ ባቢሎን የሚጋዙት ሰዎች በሰንሰለት ታስረው የቆዩት ራማ ነበር፤ ኤርምያስም ራሱ ከታሳሪዎቹ መካከል ነበረና የተፈታው እዚያ ነው። ሰንሰለቱን በገዛ እጁ ላይ ያየ ሰው የሚያለቅስለት ሲፈልግ ከዘፍጥረት አንዲት እናት ቀሰቀሰ። ደግሞስ የትኛዋን እናት? «ልጆች ስጠኝ፤ ይህ ካልሆነ እሞታለሁ» ያለችውን፣ ልጁን አግኝታ በወሊድ የሞተችውን፣ ነፍሷ ስትወጣ ሕፃኑን ቤንኦኒ፣ የኀዘኔ ልጅ፣ ብላ የሰየመችውን። ስሙን ብንያም ብሎ የለወጠው አባትየው ነው። (አባቶች የኀዘን ስም አይወዱም። ወይም ልጁ ያንን ስም ተሸክሞ እንዳይኖር አዝኖለት ይሆናል። ያዕቆብን ሁልጊዜ በክፉ እተረጉመዋለሁ።)

ዕብራይስጥ አውቃለሁ ማለት አልችልም። ፊደሉን ቆጥሬያለሁ፤ መዝገበ ቃላት ይዤ እንደ ዕውር እዳስሳለሁ። ቢሆንም ሁለት ነገር አገኘሁ። ኤርምያስ ራሔል መጽናናትን እንቢ አለች የሚልበት አነጋገር፣ ያዕቆብ ዮሴፍን አውሬ በላው ብሎ ባለቀሰ ጊዜ የተጻፈው ነው፦ መጽናናትን እንቢ አለ። ሁለተኛው፣ በአማርኛችን «የሉምና» የሚለው የመጨረሻ ቃል በዕብራይስጡ ነጠላ ነው። «የለምና።» ስለ ብዙ ልጆች ታለቅስና አንድ ልጅ እንደጠፋባት ትናገራለች። ይህም የያዕቆብ ቃል ነው፤ ልጆቹን «ዮሴፍ የለም» ያላቸው እርሱ ነው። ዮሴፍ ደግሞ የራሔል ልጅ ነው።

ተነሥቼ ውኃ ጠጣሁ። ምክንያቱም ዮሴፍ አልሞተም ነበር። አባቱ ሲያለቅስለት ግብፅ ውስጥ በሕይወት ነበረ። ማቴዎስም ራሔልን ከማስለቀሱ በፊት ባሉት መስመሮች ዮሴፍ የሚባል፣ ሕልም የሚያይ ሰው ሕፃኑን ይዞ ወደ ግብፅ ሸሽቷል። ራሔል በምታለቅስበት ሰዓት አንድ ልጅ ግብፅ ውስጥ በሕይወት አለ ማለት ነው። ማቴዎስ ይህን አስቦት ነው? ወይስ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁሉም ነገር ከሁሉም ነገር ጋር ይገጥማል? ያ ባለ ዐውዱ ሰው ቢኖር ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ።

መገጣጠሙ በጣም ሲያምርብኝ ደግሞ ፈራሁት። የቤተ ልሔም ሕፃናት ግብፅ አልሄዱም። ለእነርሱ እናቶች «የለም» ማለት የለም ማለት ነው፤ ኋላ የግብፅ ገዥ ሆኖ የሚገኝ ልጅ የላቸውም። ማቴዎስ ይህን ያወቀ ይመስለኛል፤ አንዲት ቃል ታሳብቅበታለች። ወትሮ ነቢይ ሲጠቅስ «ይፈጸም ዘንድ» ይላል፤ ነገሩ ለዚያ ሲባል እንደሆነ። እዚህ ግን «ያን ጊዜ ተፈጸመ» ብሎ ብቻ ያልፋል። በመጽሐፉ እንዲህ የሚለው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ እዚህና ይሁዳ ጌታውን የሸጠበት 30 ብር ላይ። ሕፃናቱ ትንቢት ይፈጸም ዘንድ ሞቱ ለማለት እጁ አልታዘዘለትም። ስንት የተማረ አጽናኝ ይህችን «ዘንድ» መተው ሲያቅተው አይቻለሁ።

ያዕቆብን ሊያጽናኑት የተነሡት እነማን ነበሩ? ልጆቹ ሁሉ። ከእነርሱ መካከል ወንድማቸውን የሸጡት አሉበት።

ሉቃስም ትዝ አለኝ። ኢየሱስ በናዝሬት ምኵራብ ኢሳይያስ 61ን ያነብና ዐረፍተ ነገሩ መሐል ላይ መጽሐፉን ይጠቀልላል። ሰባኪዎች ሁሉ የሚነግሩን ቀጥሎ ያለውን የበቀል ቀን ሳያነብ ማለፉን ነው፤ እውነት ነው። ከበቀሉ አጠገብ ግን «የሚያለቅሱትን ሁሉ አጽናና ዘንድ» የሚል አለ፤ እርሱንም አላነበበውም። ይህን የሚያነሣ ሰው አልገጠመኝም። በማግስቱ ሊያደርገው ይሆን ያላነበበው? ወይስ እኔ አሁን ባገኘሁት መዶሻ ሁሉንም ምስማር እየመታሁ ነው?

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። የኤርምያስን 16 እና 17 እንደማልልክላት ወስኛለሁ። 15ን ብልክላትስ? የእርሷን ወገን የያዘ ጥቅስ ነው፤ እንቢ ማለቷን በመጽሐፍ የጻፈላት። ጥቅስ አትላኪልኝ ያለችኝ ግን ሁሉንም ነው፤ «ከቁጥር 15 በቀር» አላለችም። ብልከውም ራማ የት እንደሆነ፣ «የለምና» ለምን ነጠላ እንደሆነ፣ ስለ ይሁዳም ብር ጭምር አብሬ ላብራራላት ነው። ለልቅሶ የግርጌ ማስታወሻ!

ስልኩ ላይ ያለው አሁንም «እንደምን አለሽ» የሚል ነው። እርሱንም ላጠፋው ነው መሰለኝ። በዚህ ሰዓት፣ እርሷን፣ እንደምን አለሽ ተብሎ ይጠየቃል?