በአንድ ድፎ ዳቦ ምክንያት 75 ዓመት ሞላኝ

ይህን የምጽፈው ስምና አድራሻን ኢንተርኔት ላይ ዝም ብሎ መስጠት የሚያመጣውን ጣጣ እኔን ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ነው። ቢያስጠነቅቀኝም ላልሰማ እችል ነበር፤ 22 ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ምክር ይሰጣል እንጂ አይቀበልም።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ልጆቼ ለበዓል ዳቦ ከሱቅ እየገዙ መምጣት ጀመሩ። አላስቻለኝም፤ ድፎውን እኔው እደፋዋለሁ አልኩ። ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል። ለኮባው ምትክ ከእስያውያን ግሮሰሪ ፍሪዘር ውስጥ የሙዝ ቅጠል ይገኛል። 350 ፋራናይት ላይ አንድ ሰዓት ያህል፤ በቃ።

ይህችን 350 የምትባል ቁጥር ግን በዋዛ አላገኘኋትም። የመጀመሪያው ድፎ ላዩ አርሮ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ሲወጣ የኦቨን ሙቀት ልፈልግ ኢንተርኔት ገባሁ። አንድ የዳቦ አሠራር ገጽ ላይ ሳነብ መሐል ላይ ሣጥን ብቅ አለ፦ የሊጥ ማቡኪያ ማሽን በነፃ፣ የማጓጓዣ 4 ዶላር ከ95 ብቻ። ትከሻዬ ሊጥ በማሸት ዝሎ ነበርና ነፃ የሚለውን እንጂ ሌላውን አላየሁም። ስም፣ ኢሜይል፣ ስልክ፣ የቤት አድራሻ ሞላሁ። የዴቢት ካርዴንም፣ ገንዘቡ በቀጥታ ከባንክ ሒሳቤ የሚቆረጥበትን።

የትውልድ ዘመን ሲጠይቀኝ ግን ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። የተወለድኩት በእኛ 1950 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1958 መሆኑ ነው። ሳልዋሽም እውነቱን ሳልሰጥም ልለፍ ብዬ 1950 ጻፍኩ። (ወርና ቀኑን ጃንዋሪ 1 አልኩ፤ እሱስ ወረቀቴም ላይ እንደዚያው ነው፣ እንደ ስንቱ ሐበሻ።)

ፖስታ ሳጥኔ በወር ውስጥ ሞላ። የቀብር ኢንሹራንስ፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ደረጃ የሚያወጣ ወንበር። እኔ ምድር ቤት ነው የምኖረው። ኢሜይሉን ተዉት።

የባሰው ኦክቶበር ላይ መጣ። የሜዲኬር፣ ማለትም የአረጋውያን የመንግሥት ጤና ኢንሹራንስ፣ ፕላን መቀየሪያው ጊዜ በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው፤ ያን ሰሞን ስልኩ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል። አንድ ቀን እጄ ሊጥ ውስጥ እንዳለ ተደወለ። በክርኔ ነክቼ ከፈትኩት። የደወለው ሰው ትሕትናው ለጉድ ነው። አዲስ የፕላስቲክ የሜዲኬር ካርድ እየታደለ ነው፣ የእርስዎም ደርሷል፣ ለማረጋገጥ ብቻ ቁጥርዎን ያንብቡልኝ አለኝ። እጄን ተጣጥቤ፣ ካርዴን ከቦርሳ አውጥቼ፣ መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። እንዳያመልጠው ብዬ ቀስ እያልኩ ነበር እኮ! ቁጥሩ 11 ፊደልና አኀዝ ነው። ስድስተኛው ላይ ስደርስ፣ ሊያጫውተኝ ፈልጎ ይሁን እንጃ፣ «75 ዓመት ስለሞላዎትም እንኳን ደስ አለዎት» አለ።

75? እኔ 67 ዓመቴ ነው። በዓለም ላይ 75 ያደረግኩኝ አንድ ቅጽ ብቻ ነው፣ የዚያ የዳቦ ማሽን ቅጽ። ደዋዩ መረጃዬን ያገኘው ከዚያ ነው ማለት ነው። ዘጋሁበት። እጄ ሲንቀጠቀጥ ሊጡን ትቼ ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን ዳቦ ኮምጥጦ ተጣለ።

በማግስቱ ነው የባንክ ሒሳቤን ያየሁት። የማሽኑ ኩባንያ በየወሩ 39 ዶላር ከ99፣ ሦስት ወር ቆርጧል። ባንኩ ሄድኩ። ወጣቱ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አይቶ «ተስማምተውበታል» አለኝ። መቼ ነው የተስማማሁት? ከታች በደቃቁ ተጽፎ ይሆናል አለኝና መልካም ቀን ተመኘልኝ። ያቺ መልካም ቀን እስካሁን ታንገበግበኛለች። ተመላልሼ የአንዱን ወር ብቻ አስመለስኩ። በክሬዲት ካርድ ከፍዬ ቢሆን በፈረንጅ ከ1974 ጀምሮ ያለው ሕግ ሒሳቡ በተላከልኝ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ የመቃወም መብት ይሰጠኝ ነበር፤ ዴቢት ከሆነ ግን ክርክሩ የሚጀመረው ገንዘባችሁ ከወጣ በኋላ ነው። ልጄ «አባዬ፣ ዴቢት ኦንላይን አትጠቀም አላልኩህም?» አለችኝ። ብላኛለች።

ከዚያ ወዲህ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። የክሬዲት ካርድና የኢንሹራንስ ግብዣ ፖስታ ለማስቆም 1-888-567-8688 ይደወላል። ለአምስት ዓመት ያቆማል፤ ለሁልጊዜ ከሆነ ፎርም ፈርሞ በፖስታ መላክ አለ። ሶሻል ሴኩሪቲ፣ መንግሥት የሚሰጠውን የግል መለያ ቁጥር፣ ይጠይቃል፣ ከፖስታ ለመዳን ሶሻል! አጉረምርሜ ሰጠሁ፤ ይሄኛው እውነተኛ ነው። «ለነዋሪው» ተብሎ የሚመጣውን ግን ምንም አያቆመውም። አትደውሉልኝ የሚባለው መዝገብ ላይም ተመዘገብኩ፤ ሌባ መዝገብ አይቶ ስለማይደውል ብዙ አልጠቀመኝም። አሁን የማላውቀው ቁጥር ሲደወል አላነሳም። ጉዳይ ያለው መልእክት ይተው።

ኢሜይል ላይ የራሴ ደንብ አለኝ። ከታች ያለውን ማቋረጫ ተጫኑ የሚሉ አሉ፤ በፈረንጅ የ2003ቱ ሕግ ላኪውን በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያቆም ያስገድደዋል። የማውቀው ሱቅ ከሆነ እጫናለሁ። የማላውቀው ከሆነ መጫን ማለት «አለሁ፣ አነባለሁ» ብሎ መመለስ ነውና ሳልከፍት እጥላለሁ።

የ1950ዋን ስህተት ግን አልጣልኳትም፤ መረጃዬ ከየት እንደወጣ ያጋለጠችልኝ እሷ ናትና። የጂሜይል አድራሻችሁ ላይ ከስማችሁ ቀጥሎ፣ ከ@ በፊት፣ የመደመር ምልክትና የፈለጋችሁትን ቃል ብትጨምሩ ደብዳቤው እዚያው ሳጥናችሁ ይገባል። ለዱቄት ሻጩ «ዱቄት»፣ ለቅመም ሻጩ «ቅመም» በላቲን ፊደል እየጨመርኩ ሰጠኋቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ በ«ዱቄት» አድራሻ የጉልበት ክኒን ማስታወቂያ መጣልኝ። ከዚያ ሻጭ ሁለተኛ አልገዛሁም።

አሁን ዱቄቴን ከሐበሻ ሱቅ በጥሬ ገንዘብ እገዛለሁ። ባለፈው ሳምንት ባለሱቁ «ጋሼ፣ ስልክዎን ይስጡኝና ጤፍ ሲገባ ልደውልልዎት» አለኝ። ደግ ልጅ ነው። ጤፍ መግባቱን ከሰው እሰማለሁ ብዬው ወጣሁ።