ጤፉ ንጹሕ ነበር፣ ወፍጮው ነው እንጂ

ሲሊያክ የሚባለው፣ ስንዴና ገብስ አንጀት የሚጎዱበት ሕመም እንዳለብኝ ያወቅኩት ሄሞግሎቢኔ (የደሜ መጠን) ወደ 7.9 ወርዶ፣ ከቤቴ እስከ ጣና ዳር በእግሬ መድረስ ባቃተኝ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ የጨጓራ፣ የአሜባ፣ የጃርዲያ መድኃኒት ስውጥ ነበር። ደም ሰጠሁ፣ ናሙናው አዲስ አበባ ተላከ፣ በኢንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀቴ ተቆንጥሮ ታየ፣ ሁለቱም ሲሊያክ ነው አሉ። ከዚህ ላይ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከጠረጠራችሁ ሳትመረመሩ ስንዴ መብላት አታቁሙ። አቁማችሁ ከሄዳችሁ ደሙ ምንም ላያሳይ ይችላል።

ሐኪሙ በደንብ አስረዳኝ። ግሉተን ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። እኔ ስበላው የገዛ ሰውነቴ ተነሥቶ አንጀቴን ይመታል። የተመታ አንጀት ደግሞ ብረት በደንብ አይመጥም፣ ደሜ ያለቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ ዳቦ፣ ፓስታ፣ በሶ፣ ቅንጬ፣ የገብስ ቆሎ ቀሩ። ጠላም ቀረ፣ ብቅሉ ገብስ ነውና። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «አንቺማ ዕድለኛ ነሽ፣ ጤፍ ግሉተን የለውም። እንጀራሽን እንደ ልብሽ ብይ» አለኝ።

ይቺ አንዲት ቃል ስድስት ወር በላችብኝ።

እንደ ልቤ በላሁ። ለፋሲካ እናቴ ድፎ ዳቦ ስትቆርስ ዞር ብዬ ተቀመጥኩ። የሠርግ እንጀራ ስንዴ ሊቀላቀልበት ይችላል ብዬ ከቤቴ በልቼ ሄድኩ። ከስድስት ወር በኋላ ደሜ እንደገና ሲታይ ግን ሕመሙን የሚያሳየው ፀረ እንግዳ አካል ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ሐኪሙ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ዳቦ ትበያለሽ አይደል?» አለኝ። አልበላም አልኩት። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት» አለ። ቆሽቴ አረረ። ስድስት ወር ሙሉ የዳቦ ሽታ እየሸሸሁ ኖሬ ውሸታም ተባልኩ። ምን ዓይነት እንጀራ ነው የምትበይው፣ ማን ነው የሚጋግርልሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም፣ እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ጤፉን ሁልጊዜ ወፍጮ ቤት የሚወስደው ወንድሜ ነበር። አንድ ቅዳሜ እሱ ስላልነበረ ራሴ በባጃጅ ወሰድኩት። ቀይ ጤፍ ነበር፣ ቀይ በመሆኑ እግዚአብሔር ይመስገን። ከፊቴ አንዲት ሴት ለድግስ ዳቦ አንድ ኩንታል ስንዴ አስፈጭታ ጨረሰች። ወፍጮኛው ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ የእኔን ጤፍ ገለበጠው። ከወፍጮው አፍ በተንጠለጠለው ጨርቅ የወረደው ዱቄት ነጭ ነበር። ቆየና ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ቀይ ሄደ። እኔ ጆንያዬን ከፍቼ ይዤ ቆሜያለሁ።

«ጋሼ፣ ይኼ ነጩ ምንድን ነው?»

«የሴትዮዋ ትራፊ ነው እህቴ። ትንሽ ነው፣ ምን ያደርግሻል?»

ለእሱ ትንሽ ነው፣ አልፈርድበትም። ከግሉተን ነጻ የሚባል ምግብ በዓለም አቀፉ መለኪያ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖርበት አይገባም። አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት ሙሉ ኩንታል ጤፍ ከዚህ ልክ ያሳልፋል። እኔ ደግሞ በየወሩ ከእፍኝ በላይ ሳስገባ ኖሬያለሁ።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ነገር በሌላ ዓይን አየሁት። እርሾዬ የሞተ ጊዜ ከጎረቤቴ ከእትዬ ተበድሬ ነበር፣ የእሳቸው ሊጥ ደግሞ ስንዴ አለበት። ያው እርሾ ሲዋለድ ከርሟል። ወንፊቱም የዳቦ ዱቄት የተነፋበት ነው። ወንፊት ብታጥቡት ብታጥቡት ከዓይኑ አይወጣም፣ እኔ ጥዬ አዲስ ገዛሁ። ምጣዱንም ለይቼ እርሾውን ከዜሮ ጀመርኩ። ሊጡ እስኪመጣ አምስት ቀን ፈጀብኝ፣ የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን እንኳ አላወጣም።

ወፍጮኛውን ሄጄ ለመንኩት፣ ሕመሜንም ነገርኩት። አሁን ሰኞ ጠዋት፣ ሌላ ሰው ሳይመጣ፣ ድንጋዩንና ጨርቁን ያራግፍልኛል። የመጀመሪያውን ሦስት ኪሎ ለእትዬ እሰጣለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የሚወርደው የእኔ ነው። ሦስት ኪሎ ጤፍ በዛሬ ዋጋ ያማል። ግን አንጀቴ የበለጠ ያመኛል።

ሐኪሞች «እንጀራ ብሉ» ይላሉ። እኔ ደግሞ ከቤታችሁ ውጭ እንጀራ አትብሉ እላለሁ፣ «ንጹሕ ጤፍ ነው» ቢሏችሁም። ሻጩ ላይዋሽ ይችላል፣ ወፍጮውን ግን እሱም አላየውም። የፎገራ ሩዝ ወይም ዳጉሳ የተቀላቀለበት ቢሆን ግድ የለኝም፣ ሁለቱም ግሉተን የላቸውም። እነሱም ቢሆኑ ግን ያው ወፍጮ ውስጥ ነው የሚገቡት። ሐይቁ ዳር የሚጠበሰው አሳም ዱቄት ይነካዋል። «ያለ ዱቄት» ብትሉ እንኳ ዘይቱ አንድ ነው። እኔ እንጀራዬን ይዤ ሄጄ አሳ ዱለት ነው የማዝዘው። አስተናጋጆቹ መጀመሪያ ቅር ይላቸው ነበር፣ አሁን ሳህን ራሳቸው ያመጡልኛል።

ይህን ከጀመርኩ ከስምንት ወር በኋላ ፀረ እንግዳ አካሉ ወረደ፣ ሄሞግሎቢኔም 12.4 ገባ። ሐኪሙ፣ «አየሽ፣ ስትተዪው!» አለኝ። ስለ ወፍጮው፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለ እርሾው ነገርኩት። ለሚቀጥለው ሰው ይህን ይንገሩልኝ አልኩት። ብዕሩን አንሥቶ «ወፍጮ» ብሎ ጻፈ። ይቅርታ ግን አላለኝም።